የላላችው ሳንቃ

ከገደል ሥር በተቆረቆረች አንዲት የጥንት ከተማ ሐጂ ጀውሀር የሚባሉ ግንበኛ ነበሩ። ከተማዋ መስጂድ ስትሠራ ድንጋዩ የሚፈለጠው ከገደሉ አናት ላይ ነበር። ሐጂ ከአናቱ እስከ ግንባታው ድረስ በወፍራም ሳንቃ ቦይ ዘረጉ፤ ድንጋዩም በራሱ ክብደት እየተንሸራተተ ይወርድ ጀመር። ደንባቸው አንድ ነበር። ከላይ ያለው «ቢስሚላህ!» ብሎ ይጣራል። ከታች ያለው ሲራጅ መንገዱን አይቶ «ልቀቅ!» ይላል። ሲራጅ ካልመለሰ ድንጋይ አይለቀቅም።

አንድ ጧት ሲራጅ «ልቀቅ!» አለ። ድንጋዩ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ከቦዩ ዘለለ፤ ከቦዩ አጠገብ ባለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ይጫወት የነበረውን የሲራጅን የሦስት ዓመት ልጅ ገደለው።

ከቀብሩ በኋላ ሲራጅ አላለቀሰም። ለሚያጽናናው ሁሉ «እኔ ነኝ ልቀቅ ያልኩት» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ሽማግሌዎች «ቀደር ነው፣ አላህ የወሰነው ነው፣ ሶብር አድርግ» አሉት። ሐጂም አብረው ተቀምጠው አንገታቸውን ደፉ።

እሳቸው ግን የሚያውቁት ነበር። በዋዜማው የመታጠፊያውን የጠርዝ ሳንቃ በእጃቸው ነቅንቀዋት ላልታ አግኝተዋታል። መዶሻው ታች ቀርቷል፣ ጉልበታቸው ዝሏል፣ የዓስር ሶላት ደርሷል። «ነገ» ብለው አለፏት። አሁን ድንጋዩ ሰባብሯታል፤ የሚመሰክር የለም።

ከዚያ ወዲህ በሶላት ለሱጁድ ግንባራቸውን መሬት ባስነኩ ቁጥር ከጀርባቸው የድንጋይ ኳኳታ ይሰማቸዋል። ቢናገሩ ደም የሚመልሱ የሲራጅ ወንድሞች አሉ። ዝም ቢሉስ? ሟችን የሚጠይቁት ሁለቱ መላእክት ቀብር ውስጥ «ሳንቃዋስ?» ቢሏቸው ምን ይመልሳሉ?

ለድንጋይ ፈላጩ ለአደም ነገሩት። አደም ደነገጠ።

«ሐጂ፣ በሰባ ዓመትዎ ጩቤ አማረዎት? እነዚያን ሰዎች አያውቋቸውም? ተቀብሮ አልቋል እኮ!»

«የተቀበረው ልጁ ነው አደም። አባቱ ገና ከድንጋዩ ሥር ነው።»

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሐጂ አደምን አስከትለው ወደ ሲራጅ ቤት ሄዱ። ወንድሞቹ ከሲራጅ ኋላ ቆመዋል።

«ልጄ ሲራጅ፣ አንተ መንገዱን አይተህ ነው የመለስከው። ሳንቃዋ መላላቷን እያወቅሁ ነገ ያልኩት እኔ ነኝ።»

የአንደኛው ወንድም እጅ ወደ ወገቡ ሄደ። ሲራጅ ያዘው። ወደ ሐጂ ዞረ።

«ታዲያ... ልጄን የገደለው ድምፄ አይደለም?»

«አይደለም።»

ያን ጊዜ ሲራጅ ጮኾ አለቀሰ። ሲበርድለት «ዛሬ አፉ ብዬ ይቅር ልልዎት አልችልም» አላቸው። «ግን በሰላም ይሂዱ።»

መንገድ ላይ አደም «ቀደር አይደለም ወይ ሐጂ? ምን አስለፈለፈዎት?» ቢላቸው፣

«ቀደሩ የአላህ ነው፤ ሳንቃዋ የእኔ ነበረች» አሉ።

ወንድሞቼ ሆይ፣ ቀደር የሐዘንተኛ መጽናኛ እንጂ የጥፋተኛ መሸሸጊያ አይደለም። ሶብር አድርግ ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው። ልጁን የቀበረ ሰው ግን ውሎ አድሮ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «እኔ ነኝ ወይ?» መልሱን የሚያውቅ ካለ፣ እየፈራም ቢሆን ደጃፉን ያንኳኳ።