ሰው ያልሞተበት ድንኳን

“ጩኺ አልኩሽ! አንዴ ብቻ ጩኺ!” አለ ድንኳኑ።

“ማን ሞተና?” አለች ጡሩንባዋ።

“ማንም አልሞተም። እኔ ግን መበስበሴ ነው።”

ስሙኝማ። ዕቃ ሁሉ አንደበት በነበረው ዘመን፣ በአንድ መንደር የእድር ቤት ውስጥ ሦስት ዕቃዎች ይኖሩ ነበር። ጡሩንባዋ ምስማር ላይ ተንጠልጥላ፣ ድንኳኑ መሬት ላይ ተጠቅልሎ፣ ትልቁ ድስት ጥግ ላይ ተደፍቶ። በሩ የሚከፈተው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ ሞት መንደሩን ረሳው። መንደሩ ደስ አለው። ድንኳኑ ሻገተ። አይጥም ገባችበት።

“አንዴ ከዋሸሁ ማን ያምነኛል?” አለች ጡሩንባዋ። “ያለኝ ቃሌ ብቻ ነው።” አልጮኸችም።

ድንኳኑ ሰነበተና ሁለተኛ ለመናት። “እህቴ፣ ፀሐይ ካላየሁ ክረምቱን አልሻገርም።”

“ታገሥ።”

“እስከ መቼ? ሰው እስኪሞት? ኧረ ማን ነው ጨካኙ፣ እኔ ወይስ አንቺ?”

ድስቱ ከጥግ ሳቀ። “ተዋት ባክህ! እሷ እመቤት ናት። አፏ ሰፊ፣ ሆዷ ባዶ።”

ጡሩንባዋ ምስማሯ ላይ መርጋት አቃታት። ወዲህ ትላለች፣ ወዲያ ትላለች። ከታች የአይጧ ጥርስ ቀርጨጭ፣ ቀርጨጭ ይላል። ዝም ይላል። ደግሞ ቀርጨጭ።

ሦስተኛው ልመና አጭር ነበር። “በላችኝ” አለ ድንኳኑ።

ያን ጊዜ ጡሩንባዋ በግድግዳው ሽንቁር የሚያልፈውን ነፋስ ጠራችው። “አያ ነፋስ፣ አፌ ውስጥ ግባ።”

“ኋላ በእኔ እንዳታሳብቢ” አለ ነፋስ።

“ግባ ብያለሁ!”

ገባ። ጮኸች። ገና ጎህ ሲቀድ መንደሩን አናወጠችው።

ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም። እማማ ትኩዬ የሚባሉ አሮጊት ታመው ከተኙ ሰንብተዋል፤ መንደሩም ሁሉ “ነገ እጠይቃቸዋለሁ” ሲል ከርሟል። ስለዚህ ሁሉም በልቡ “እሳቸው ናቸው” አለ። ነጠላው ተዘቀዘቀ። የእድር ቤቱ ተከፈተ። ጎረምሶች ድንኳኑንና ድስቱን ተሸከሙ። ጡሩንባ ነፊው ጋሽ ዘርጋው ጡሩንባዋን አንጠልጥሎ “እኔ እኮ አልነፋሁም! ጎበዝ፣ እኔ አልነፋሁም!” እያለ ከኋላ ሮጠ። የሰማው የለም።

“እናቴን! እናቴን!” እያሉ አሮጊቷ ግቢ ገቡ።

እማማ ትኩዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

“እማማ! አልሞቱም እንዴ?” አለ የእድሩ ዳኛ ሳያስበው።

“ይቅር በለኝ ልጄ፣ ዘነጋሁት።”

ለቅሶው ቆመ። ሰው መሬት መሬቱን አየ።

“በሉ ተቀመጡ” አሉ እማማ። “ከታመምኩ ወዲህ ሰው ሳይ ዛሬ ገና ነው። ድንኳኑንም ትከሉት፤ ሸክም ይዞ መመለስ ምን ይባላል?”

ተተከለ። ፀሐይ ወጣችለት። አይጧ ከእጥፋቱ ዘልላ አጥር ውስጥ ገባች። ሊያለቅስ የመጣው ውኃ ቀዳ፣ ሊቀብር የመጣው እንጨት ፈለጠ፣ ለሐዘን የታሰበው ንፍሮ ተቀቅሎ በሳቅ ተበላ። ድንኳኑ ከላይ ሆኖ ሆዱን እየነፋ ይተነፍሳል። ጡሩንባዋ ግን ውሸቷ እንዳይታወቅባት በጋሽ ዘርጋው ጉያ ትወሸቃለች።

አመሻሹ ላይ ዳኛው ጋሽ ዘርጋው እንዳልነፋ ተረዳና ተነሣ። “ያለ ሰው እጅ የምትጮህ ጡሩንባ! ከእንግዲህ የእውነት ብትጠራን ማን ይነሣል?” ብሎ ጨርቅ ጠቀለለና አፏ ውስጥ ጠቀጠቀው።

“እሷ ምን አደረገች?” አሉ እማማ ትኩዬ። “ለሬሳ የሚሮጥ እግር ነው ለበሽተኛ የሚያነክሰው።”

ጎረምሶቹ ድንኳኑን አጣጥፈው፣ ድስቱን አጥበው፣ ዕቃውን ወደ እድር ቤት መለሱት።

“አዳንሽኝ፣ እህቴ” አለ ድንኳኑ፤ ወዲያውም እንቅልፍ ወሰደው። ጡሩንባዋ መልስ ልትሰጠው አልቻለችም። ከደጅ የዳኛው ድምፅ ይሰማታል።

“ነገስ እማማ ትኩዬ ጋ ማን ይሄዳል?” ይላል።

ጡሩንባዋ ማን እንደሚመልስለት ለመስማት ምስማሯ ላይ ተንጠራራች። በሩ ተዘጋ።