ከረግረግ የወጡ በቅሎዎች

«ተረት ተረት!»
«የላም በረት!»
እንዲህ ነው እንጂ! ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን ጓንጉል የሚባል ገበሬ ነበረ። ሚስቱ አትጠገብ ትባላለች። ገና ጡት ያልጣለች ሴት ልጅም ነበረቻቸው። ጓንጉል እግሩ ጤነኛ ነው፤ መሄድ ግን አይወድም። አንድ ቀን ከመንደሩ በታች ካለው ረግረግ ዳር ባለቤት የሌላት ጥቁር በቅሎ አገኘ። ሣር አትበላ፣ ውኃ አትጠጣ። ስትሮጥ ግን ነፋስ አይደርስባትም። ኮርቻ ጫነና ጋልቧት ቤቱ ገባ።

ከዚያም ጓንጉል መሬት መርገጥ ተወ። ቤተ ክርስቲያን በበቅሎ፣ ገበያ በበቅሎ፣ ከጎረቤት እሳት ለመጫር እንኳ በበቅሎ ሆነ። ጎረቤቶቹም ቀኑና ወደ ረግረጉ ወረዱ። በቅሎዎቹ ከጭቃው ወጥተው ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ። አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ።

ክረምት ገባ፤ ዝናቡ ግን ቀረ። ደመናው ይመጣል፣ መንደሩ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ምንጩ ደረቀ። የአትጠገብም ጡት ደረቀና ሕፃኗ ማልቀስ እንኳ አቃታት። ሽማግሌዎች ምህላ አወጁ። ወደ ምህላውም ሁሉም በበቅሎ መጣ።

በቅሎዎቹ ምንም ሳይቀምሱ ይወፍሩ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አትጠገብ ባሏን ጠራችው።
፦ ና እስቲ፣ ጆሮህን የበቅሏ ሆድ ላይ አድርግ።
ጆሮውን ለጠፈ። በበቅሏ ሆድ ውስጥ ዝናብ ይዘንባል። ነጎድጓድ ያጉረመርማል። ጎርፍ ድንጋይ ያንከባልላል። የጓንጉል ፀጉር ቆመ።
፦ ያገሩ በቅሎ ሁሉ እያለ የእኔ አንዲቷ ምን ታደርጋለች? አለ።
፦ በሌላው በቅሎ ባለቤቱ ይጠየቅበት። የልጅህን ውኃ የጠጣችው ግን ይቺ ናት፤ አለችው።

ጓንጉል ከበቅሏ ጎን ተነሣ። ልጓሟን ያዘና በእግሩ እየሳባት ወደ ረግረጉ ወረደ። ኮርቻዋን ሲያወርድ በቅሏ ዘወር አለችና በሰው አፍ ተናገረች።
፦ እግርህ እኮ መንገዱን ረስቷል። ማን ይመልስሃል?
፦ እየወደቅሁ እመለሳለሁ፤ አላትና ልጓሟን አወለቀ።
ድምፅ ሳታሰማ ጭቃው ውስጥ ገባች።

በግልቢያ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ የሚያልቀው ዳገት ሁለት ቀን ፈጀበት። ተረከዙ እየደማ፣ እየዳኸ ደጁ ሲደርስ ካፊያ ጀመረ። አንዲት በቅሎ የጠጣችውን ያህል ነበር። አትጠገብ ገበቴ ደቀነች። ካፊያው ግን የጓንጉልን ጓሮ ብቻ አልመረጠም፤ በሁሉም ጣሪያ ላይ ወረደ።

ጎረቤቱ ቢሻው በቅሎው ላይ እንደተቀመጠ እጁን ወደ ካፊያው ዘረጋ። ከዚያም ጎንበስ ብሎ የበቅሎውን ሆድ አዳመጠ። ከበቅሎው ወረደና ወደ ረግረጉ ሳባት። በማግስቱ ሌላው ወረደ፣ ከዚያም ሌላው። በቅሎ በተለቀቀ ቁጥር ዝናቡ በረታ፤ ሕፃኗም ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ገላግሌ የሚባል ባለጠጋ ብቻ አልወርድም አለ።
፦ እናንተ ከወረዳችሁ የእኔ ብቻዋን ማንን ትጎዳለች?
ቆይቶ ልውረድ ቢል እግሩ ከእርካቡ አልላቀቅ አለው። በቅሏ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ወደ ረግረጉ ይዛው ሄደች። ጭቃው አንገቱን ሲይዘው፦ አውርዱኝ! ብሎ ጮኸ። አገሩ ሁሉ እየሮጠ ወረደ። ግን በእግሩ ነበርና አልደረሰለትም።

እኔ ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ እናንተ ደግሞ ቆሎ ዘግኑልኝ፣ አፌ ባዶውን አይደር።