«ቤቶች» ሳይሉ የሚገቡት ፊታውራሪ

ፊታውራሪ ወንድይራድ ሆዳቸው ከበቅሏቸው ቀድሞ ገበያ የሚደርስ፣ ሦስት ሚስት ፈተው ሲያበቁ «የሰው ትዳር ካላቀናሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» የሚሉ ሹም ነበሩ። ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ማለትን አያውቁም። ዘው ብለው ይገባሉ፣ ድስት ከፍተው ይቀምሳሉ፣ ያልተጣላውን ባልና ሚስት አጣልተው ያስታርቃሉ።

አንድ ቀን የአንዲት ምላሰኛ ሴት ቤት ዘው ሊሉ ሲሉ በሩ ተቀርቅሮ ኖሮ በግንባራቸው ገጩት። ጉብታው ከሩቅ ለሚያየው ሁለተኛ ራስ ይመስል ነበር። ወዲያው «በር ቀረቀረችብኝ» ብለው ሽማግሌ ሰብስበው፣ ባሏን አለልኝን አስቀርበው ፈረዱ።

«አንቺ! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት የሚሰማው የባልሽ ቃል ብቻ ነው፤ ያንቺ የሚባል ቃል የለም። ይህን በሽማግሌ ፊት ትምያለሽ። እምቢ ካልሽ በለበስሽው ቀሚስ ብቻ ከቤትሽ ትወጫለሽ!»

ሴትዮዋ ያግዛት እንደሆነ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። እሱ ግን «እውነት ነው ጌታዬ» እያለ አንገቱ እስኪላቀቅ ራሱን ይነቀንቃል። ይህን አየችና ማለች።

«እንግዲህ ጌታዬ፣ የኔ ቃል ቀረ፤ የባሌን ይስሙ። ‹ቀርቅሪው፣ ያ ሆዳም መጣ› ያለኝ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውንስ ልቀጥል?»

«ኧረ በማርያም!» ብሎ አለልኝ ከእግራቸው ሥር ተደፋ። «ጌታዬ፣ የራሷን ቃል ይመልሱላት!»

ሽማግሌዎቹ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ፊታውራሪም ጉብታቸውን እያሻሹ፣ «በይ እሺ፣ የራስሽን ተናገሪ» አሉ።

«የራሴማ አጭር ናት» አለች። «ሲመጡ እንደ ሰው ከደጅ ቆመው ‹ቤቶች!› ይበሉ፤ እኛም እንደ ጨዋ ‹የለንም› እንልዎታለን።»