የእትዬ ዘርፌ እንቅልፍ

በዚያ ዓመት ክረምቱ በረዶ ይዞ መጣ።

ያን ጊዜ በማገለግልበት ከተማ ዳር ችግኝ እያፈላ የሚሸጥ አንድ ሰው ነበር። በረዶው መደቡን ሁሉ ደቆሰው። ቆስጣው ሄደ፣ ጎመኑ ሄደ፣ ሰላጣው ሄደ። የመብራት መክፈያ አጣ፤ መጥተው ቆረጡበት። በዚያው ሰሞን ሚስቱ ጽጌ ያለ ጊዜዋ ወለደች። ልጅቷ በመዳፍ የምትያዝ ነበረች። ነርሷ፣ «ቤቱን አሙቁላት፤ ከሰል ግን እንዳታስገቡ፣ ይገድላታል» አለች።

በምን ያሙቁት?

ጎረቤታቸው እትዬ ዘርፌ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ከቤታቸው ሽቦ ስበው በአጥሩ ላይ አሻገሩለት። «ምድጃህን ሰካ» አሉት። የእሳቸው ቆጣሪ ሁለት ምድጃ አይችልም፤ ሁለቱ ከተሰኩ መብራቱ ድርግም ይላል። ስለዚህ የራሳቸውን ነቀሉ። ክረምቱን ሙሉ ደጅ፣ በቆርቆሮ ጥግ፣ በከሰል አበሰሉ።

ልጅቷ ተረፈች።

«እትዬ፣ ይህን ብድር በምን እመልሳለሁ?» አላቸው።

«መጀመሪያ ልጅቷን አሳድግ» አሉት። የመብራቱን ልክፈል ቢልም እሺ አላሉም።

ዓመታት አለፉ። ሰውየው ቀና አለ። ጉድጓድ አስቆፈረ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር ገዛ። ውሃው የተገኘው በእትዬ ዘርፌ ግድግዳ ሥር ስለነበር ሞተሩም እዚያው ተተከለ።

ከዚያ አዲስ ታሪፍ መጣ። ቀን የሚሠራበት መብራት ውድ፣ ሰው ሲተኛ የሚሠራበት ርካሽ። ሰውየው ሞኝ አይደለም። አንዱን ወር በቀን ሳበ፣ አንዱን ወር በሌሊት ሳበ፤ ሁለቱን ሂሳብ አስተያየ። የሌሊቱ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ የሌሊት ሆነ። ሌሊት ሮቶ ይሞላል፣ ጠዋት ያጠጣል። በተረፈው ልጅቷን የተሻለ ትምህርት ቤት አስገባት።

መጥፎ ሰው ነው? አይደለም። የማንን ወሰደ? የማንንም አልወሰደም። እናንተም ብትሆኑ ይህንኑ ታደርጉ ነበር። እኔም።

አሁን ደግሞ እትዬ ዘርፌን ተመልከቱ። እሑድ እሑድ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። መዝሙሩ እስኪያልቅ ደህና ናቸው። ስብከት ሲጀመር አንገታቸው ይወድቃል። ከመድረኩ ላይ ሆኜ አያለሁ። በራሴ ላይ ፈረድኩ፤ ስብከቴን አሳጠርኩ። ለውጥ የለም።

አንድ እሑድ ስንወጣ ሰውየው በሩ ላይ ቀለደባቸው።

«እትዬ፣ ዛሬም ስብከቱ አስተኛዎት?»

«ምን ላድርግ ብለህ ነው?» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «እዚህ ሞተር የለም።»

የሰማ ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ሰውየው ግን ሊስቅ ጀምሮ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ልጅቷን ከትምህርት ቤት አስወጣ ልበልህ?»

ቤቱ ገባ፤ ምሳ ቀረበ፤ አልበላም። ታሪፉን ሲያጠና አንድ ነገር ተምሮ ነበር። አንድ ቆጣሪ ብዙ በበላ ቁጥር ዋጋው ራሱ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ በድሮውም ታሪፍ እንዲሁ ነበር። ይህን ያውቅ ነበር፤ ከእትዬ ዘርፌ ጋር ግን እስከዚያ ቀን አላገናኘውም።

«ጽጌ» አላት፣ «ያን ክረምት እኮ የእኛን ብቻ አይደለም የከፈሉት። በእኛ ምክንያት የራሳቸውም ተወዶባቸዋል።»

«እና ሞተሩን ቀን ልታደርገው ነው?»

«ቀን ይወደድብናል።»

«ይወደድ።»

«ትምህርት ቤቱስ?»

«ሁለት መደብ ሰላጣ እንጨምራለን። ደግሞ አንተ እንቅልፍ አብዝተሃል፤ ቀደም ብለህ ተነሣ።»

ይህን ያጫወተኝ ራሱ ነው። በዚያው ቀን ሞተሩን ወደ ቀን መለሰው።

ወገኖቼ፣ ዋጋ ማስተያየት ኃጢአት አይደለም። አስተያዩ። የሚያባክን ሰው ለማንም አይተርፍም። ግን ስታስተያዩ ሁለቱን ሂሳብ ብቻ አትዩ። ለእናንተ የረከሰው በማን ላይ ተወደደ? ሠራተኛችሁ ስንት ሰዓት ትተኛለች? ከእናንተ በታች የሚኖረው ሰው ምን እየሰማ ያድራል? የእናንተ ሞተር በማን ግድግዳ ሥር ነው?

ዝም ያለ ሁሉ የተመቸው ይመስላችኋል? አንዳንዱ ዝም የሚለው ስለሚወዳችሁ ነው። እሱን ደግሞ ማን ይጠይቀው? እናንተ ጠይቁት። ዛሬ ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁት።

ሞተሩ ወደ ቀን በተመለሰ በሚቀጥለው እሑድ የእትዬ ዘርፌ ቦታ ባዶ ነበር። መዝሙሩ አለቀ፣ አልመጡም። ስብከቱ አለቀ፣ አልመጡም። ደነገጥን። ሰውየው ልጁን ይዞ እየሮጠ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ። በሩን ደበደበ። ቆይተው ከፈቱ። የትራሱ ጥልፍ ጉንጫቸው ላይ ታትሟል።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«እትዬ፣ ስብከቱ እኮ አለቀ» አላቸው።

«ውይ!» አሉና ፀሐዩን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ፤ ሳቃቸው መጣ። «ይቅር በለኝ አባቴ። ዛሬ ቤቴ ተኛሁ።»

ሰውየው ደፉ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ ምን እንደሆነ አልገባትም፤ አጠገቡ ተቀመጠች። ብድሩ በዚያ ጠዋት ተመለሰ።