የለውህ ጠራቢው ሂጅራ

ወሬያችንን አላህ ለኸይር ያድርግልንና፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ሽማግሌ ነው። በተራራ ወገብ ላይ በተቀመጠች፣ ስሟን ዛሬ ማንም በማያነሳት ጥንታዊ ከተማ አባ እብሬ የሚባሉ ሰው ነበሩ። የተማሩ ዓሊም አልነበሩም፤ ሸይኽም አልነበሩም። ለውህ ጠራቢ ነበሩ። ለውህ መቼም ታውቃላችሁ፤ የቁርኣን ተማሪ አንቀጹን በቀለም ጽፎ የሚቀራበት፣ ሲይዘው አጥቦ ሌላ የሚጽፍበት የእንጨት ሰሌዳ ነው። አባ እብሬ ከዋንዛ ይጠርቡታል፣ ያለሰልሱታል፤ ከዚያ ሌላ ጠራቢ የማይሠራትን አንዲት ነገር ይሠራሉ። ከመያዣው ሥር የልጅ አውራ ጣት የምትገባባት ትንሽ ጎድጓዳ ይቦረቡራሉ። ለምን ሲሏቸው፣ "የአላህን ቃል የያዘ ልጅ እጁ ለምን ይድከም?" ይላሉ። አርባ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ከዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝናብ ጠፋ። በአራተኛው ዓመት ጠብ ብሎ የበቀለውን አንበጣ ጨረሰው። ተማሪው፣ ደረሳው፣ ተበተነ፣ መድረሳው ተዘጋ። የሚበላው ያጣ ልጅ ለውህ ምን ያደርግለታል? አንድ ቀን አባ እብሬ ከፈጅር ሶላት ተመልሰው ሚስታቸውን ሩቅያን፣ "ተነሽ፣ እንሂድ" አሏት።

"ወዴት?"

"ባሕሩን ተሻግረን።"

"እዚያ ማን አለን?"

"አላህ አለ።"

"እሱማ እዚህም አለ!" አለች ሩቅያ። ምላሷ ፈጣን ነበር፤ ልቧ ግን የዋህ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ዘመድ ሳይኖር፣ ሥራ ሳይያዝ፣ በዚህ ሽበት ሀገር ጥሎ ይኬዳል ወይ ተባለ። አንዱማ፣ "አባ እብሬ፣ ወጣት እንኳ ደብዳቤ ልኮ፣ ሥራ አስይዞ ነው የሚሄደው" አላቸው። እርሳቸውም፣ "የእኔን ሪዝቅ፣ የዕለት እንጀራዬን፣ ሲሰጠኝ የኖረው ይህ ተራራ ነበር እንዴ?" ብለው መጥረቢያቸውን፣ መሮአቸውንና የተረፏቸውን አሥር ለውሆች በአንድ ጆንያ ጠቅልለው ወጡ።

መንገዱን አልዘረዝረውም። ሩቅያ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ስትዘረዝረው ኖራለች። በበረሃው እግሯ አበጠ፤ በጀልባው ላይ ትኩሳት ያዛት፤ ባሕሩን ተሻግረው ወደቧ ከተማ ሲደርሱ በባሏ ትከሻ ተደግፋ ነበር የምትራመደው። የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ያ ረቢ፣ ጣራ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም፤ ጣራ ብቻ።"

አጃኢብ ነው! ከተማው በር ላይ ገና ጆንያቸውን ሲያወርዱ የለውሆቹ ጫፍ ብቅ አለ። አንድ ሰው አየና ሊናገር ሮጠ። ወዲያው ሐጂ ሰልማን የሚባሉ፣ ነጋዴና የመስጊዱ ኃላፊ የሆኑ ሰው ከነጀመዓቸው መጡ። በወጣትነታቸው በደጋው ሀገር ነግደዋልና ቋንቋውን ያውቁታል። የአባ እብሬን እጅ ሳሙ። "አህለን ወሰህለን! እንኳን ደህና መጡ!" ብለው መስጊዱ አጠገብ ወዳለ በኖራ የተለሰነ ቤት አስገቧቸው። አልጋ አለ፤ ጋን ሙሉ ጣፋጭ ውኃ አለ፤ ማታ ሩዝና ዓሣ መጣ።

በዚያች ከተማ አንድ ልማድ ነበር። እንግዳ ሦስት ቀን ይስተናገዳል፤ ሦስቱ ቀን ሳይሞላ ስሙም፣ ጉዳዩም፣ የመጣበትም አይጠየቅም፤ ነውር ነው። በአባ እብሬ ሀገር ደግሞ እንግዳ ባለቤቱን፣ "ለምን ታበላኛለህ?" አይልም፤ እሱም ነውር ነው። ሁለት ጨዋዎች ሲገናኙ እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ነገሩ ሳይነገር ይቀራል። አባ እብሬ፣ "ሱብሓነላህ፣ ምን ዓይነት ደግ ሕዝብ ነው!" እያሉ አመሰገኑ፤ ሰጋጁም ባያቸው ቁጥር ደረቱ ላይ እጁን እያኖረ ያልፋል።

በሁለተኛው ቀን ሴቶች ሩቅያን ሊጠይቁ መጡ። አንዷ፣ የደጋውን ቋንቋ የምትሰባብር አሮጊት፣ የሩቅያን እጅ ስማ፣ "የሸይኹ ባለቤት፣ ስድስት ወር ጠበቅናችሁ። ልጆቻችን ያለ መምህር አደጉ" አለቻት። ሩቅያ ደነገጠች። በዚያች ከተማ ለውህ የሚጠርብ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ለውህ ይዞ የሚመጣ መምህር ብቻ ነው። ሐጂ ሰልማን ከደጋው ሀገር አንድ ዓሊም እንዲላክላቸው ጠይቀው ነበርና፣ ለውሆቹን ሲያዩ፣ መጣ አሉ። ቤቱም፣ አልጋውም፣ ጋኑም የዚያ የማይታወቅ ሰው ነበር።

ሩቅያ ያን ቀን ለባሏ አልነገረችም። እግሯን አልጋው ላይ ዘርግታ ጣራውን ስታይ ዋለች።

በሦስተኛው ቀን ለዐስር ሶላት አዛን ሲባል ሐጂ ሰልማን ሰው ልከው፣ "ዛሬ እርስዎ ያሰግዱን" አሏቸው። አባ እብሬ ግራ ገባቸው። ያኔ ሩቅያ በሩን ዘጋችና ሰዎቹ ማን መስለዋቸው እንደተቀበሏቸው ነገረቻቸው። ቀጥላ፣ መልስ ሳይሰጧት፣ ለመነቻቸው።

"ዝም ይበሉ። ዝም ማለት ውሸት አይደለም፤ እርስዎ 'ሸይኽ ነኝ' አላሉ።"

"ሩቅያ…"

"ልጆቹ እንደሆነ ከአሊፍ ነው የሚጀምሩት። አሊፍን ያውቃሉ፤ አጫጭሮቹን ሱራዎችም ያውቃሉ። አርባ ዓመት ደረሳ ሲቀራ ሲሰሙ አልኖሩም? እነሱ ረጃጅሙ ጋ እስኪደርሱ ሌላ ሥራ ያገኛሉ።" እግሯን ዘረጋች። "እግሬን ይዩት። ከዚህ ከወጣን እኔ መንገድ ላይ ነው የምሞተው።"

አባ እብሬ እግሯን አዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዉዱእ አድርገው፣ ለሶላት ታጥበው፣ ወጡ። ሩቅያ፣ "አልሐምዱ ሊላህ፣ እሺ አሉ" ብላ እያነከሰች ተከተለችና ከሴቶቹ መጋረጃ ጀርባ ቆመች።

በመጋረጃው ቀዳዳ አየች። ጀመዓው ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ሰጣቸው። አባ እብሬ በመካከሉ አልፈው፣ ኢማሙ ከሚቆምበት ምንጣፍ ላይ ወጥተው ወደ ቂብላ ዞሩ። ከኋላቸው ሰው ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ገጠመ። እጃቸውን ለተክቢራ፣ ሶላቱን ሊከፍቱ፣ እስከ ጆሯቸው አነሡ። እጃቸው እዚያው እንደተነሣ ቆየ፤ ቆየ፤ ከዚያ ወረደ። ዞሩ።

"ጀመዓ፣ ዐፉ በሉኝ" አሉ። "ሦስት ቀን ያከበራችሁት እንግዳ ዓሊም አይደለም። እኔ ለውህ ጠራቢ ነኝ። የቀራሁት ጥቂት ነው። የምትጠብቁት ሰው ገና አልመጣም፤ በእርሱ ምንጣፍ ላይ ቆሜ አላህን እንዴት እጠራለሁ?" ብለው ከምንጣፉ ወርደው ኋለኛው ረድፍ፣ ጫማ የሚወልቅበት ጋ፣ ቆሙ።

ሐጂ ሰልማን በሕዝብ ፊት ፊታቸው ቀላ፤ ግን አሰገዱ። ከሶላት በኋላ ቀርበው፣ "ቤቱ ለመምህሩ ማረፊያ ተብሎ ለአላህ የተሰጠ ወቅፍ ነው። ለሌላ ሰው ልሰጠው ሥልጣኑ የለኝም" አሏቸው።

"ልክ ነዎት" አሉ አባ እብሬ። ጀንበር ሳትጠልቅ ወጡ።

ሩቅያ ከተናደደች አንቱታው ይቀራል። "አንተ ሰውዬ! አላህ ጣራ ሰጠን፣ አንተ በእጅህ አፈረስከው!" አለች፤ አለቀሰችም። እርሳቸው ግን የመስጊዱን የኋላ ግድግዳ ተጠግተው የዘንባባ ሰሌን ወጥረው ጥላ ሠሩላት፤ እግሯንም በጨው ውኃ አጠቡላት። ጠዋት ጠዋት ወደብ ወርደው በዚያ ዕድሜያቸው ጆንያ ተሸከሙ። ዋንዛ በሌለበት ሀገር፣ የጀልባ አናጢዎች ለራሳቸው ወገን ብቻ ሥራ በሚሰጡበት ወደብ፣ ሌላ ምን ይሠራሉ?

ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ግን ያስገርሙ ነበር። ባሕር የተፋውን የተሰበረ የጀልባ ጣውላ ከዳር እየለቀሙ፣ ጨው የበላው እንጨት ቀለም አይዝምና ጨው በሌለው ውኃ እየዘፈዘፉ፣ ግድግዳው ሥር ተቀምጠው ለውህ ይጠርቡ ጀመር። የሠሩትን እዚያው ይደረድሩታል። ሰው አይቶ ሳቀ። ሩቅያም መታገሥ አልቻለችም።

"መምህር በሌለበት ሀገር ለውህ ለማን ነው?"

"መምህሩ ይመጣል። ሲመጣ ልጆቹ ምን ላይ ይጻፉ?"

"ባይመጣስ?"

"እኔን አላህ ያዘዘኝ መጥረቡን ነው" አሉና ጎድጓዳዋን መቦርቦር ቀጠሉ። ከዚያን ቀን በኋላ፣ እየተነጫነጨችም ቢሆን፣ ጣውላውን የምትዘፈዝፈው ሩቅያ ሆነች።

እንዲህ እያሉ አምስት ወር አለፈ። አንድ ቀን ከዐስር በፊት፣ ልብሱ የተቦጫጨቀ፣ እግሩ የቆሰለ፣ ጎልማሳ ሰው ግድግዳው ሥር መጥቶ ቁጭ አለ። አላፊ አግዳሚው ለማኝ መስሎት አንዱ መዳፉ ላይ ተምር አስቀመጠለት። ሐጂ ሰልማንም በአጠገቡ አለፉ፤ ዘወር ብለው አላዩትም። ሰውየው ግን ዓይኑ የአባ እብሬ እጅ ላይ ነበር። እጁን ዘረጋና ካለቁት ለውሆች አንዱን አነሣ።

ሩቅያ ያኔ ያየችውን እስክትሞት ታወራው ነበር። ሰውየው ለውሁን አላገላበጠም፣ አላየውምም። አውራ ጣቱ ብቻዋን ሄዳ መያዣው ሥር ካለችው ጎድጓዳ ገባች። እዚያ እንዳለች የምታውቅ ይመስል። ከዚያ ሰውየው ለውሁን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

"ምነው ልጄ?" አሉ አባ እብሬ።

"አባቴ፣ እኔ ፋቲሓን የጻፍኩት በእንደዚህ ያለ ለውህ ላይ ነው። ያችን በተራራ ወገብ ያለች ከተማ ያውቋታል? እዚያ አንድ ሰው ነበሩ። እኔ የቲም ነበርኩ፣ ወላጅ የሌለኝ፤ ትንሽም ነበርኩ፤ ሌላው ለውህ ሲከብደኝ በልኬ አሳጥረው ጠረቡልኝ።"

አባ እብሬ መሮአቸውን አስቀመጡ። ፊቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። "ጡሃ?" አሉ።

አዎ፣ ጡሃ ነበር፤ ዛሬ ሸይኽ ጡሃ፤ ወደቧ ከተማ አስጠርታ ስትጠብቀው የኖረችው ዓሊም! ሽፍቶች በበረሃው ኪታቡንም፣ ደብዳቤውንም፣ ልብሱንም ገፈውት፣ ወራት ሙሉ እየሠራ፣ እየታመመ፣ በእግሩ የመጣ ሰው ነው። ማንነቱን የሚናገርለት አንድም ወረቀት አልነበረውም። አባ እብሬ እጁን ይዘው አስገቡት፤ ጀመዓው ፊት አቁመው፣ "የምትጠብቁት ሰው ይኸው መጣ። እኔ ምስክሩ ነኝ" አሉ። ያ ሕዝብ ቤትና አልጋ ትቶ እውነቱን የተናገረን ሰው ምስክርነት ሊጠራጠር ነው? ሐጂ ሰልማን አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። ሸይኽ ጡሃ ወደ ምንጣፉ ወጣ። ሶላቱ ሲያበቃ ጥቂት የቁርኣን አንቀጾች ቀራላቸው፤ ሩቅያም ከመጋረጃው ጀርባ ተንበርክካ ቀረች።

በነጋታው ልጆች ግልብጥ ብለው መጡ፤ ለእያንዳንዳቸው ግድግዳው ሥር ለውህ ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባ እብሬ ጆንያ አልተሸከሙም። ሸይኽ ጡሃም፣ "የወቅፉ ቤት ለመምህር ነው ካላችሁ፣ የመጀመሪያው መምህሬ እኚህ ናቸው" ብሎ ግማሹን ቤት ለሩቅያና ለባሏ ለቀቀ።

ሐጂ ሰልማን አንድ ቀን አባ እብሬን ጠየቋቸው። "ያን ዕለት እጅዎን እንዳነሡ ዝም ብለው ቢያሰግዱ፣ ማን ያውቅብዎ ነበር?"

አባ እብሬ ከመሮአቸው ቀና ሳይሉ መለሱ። "በሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ፣ የራሴ ሪዝቅ ሲመጣ ለማኝ መስሎኝ አባርረው ነበር።"

ሩቅያ ይህን ሰምታ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። በሁለተኛው ቀን አውቃ ዝም ያለችውን ያኔ ነገረቻቸው። እርሳቸውም፣ "ዝም ያለው እግርሽ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም" ብለው ሳቁ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህን ሳወራ ስንቱ ጆንያውን ሊያሥር እንደሚቁነጠነጥ አውቃለሁ። ሥራ ሳይዝ ሀገር ጥሎ የሚሄድ ሰው ሞኝ ነው ወይስ ጀግና ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ፤ አላውቅም። የማውቀው፣ ባዕድ ሀገር የደረሰ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ረሃብ አለመሆኑን ነው። የመጀመሪያው ፈተና፣ "አንተ እገሌ ነህ አይደል?" ሲሉት ያልሆነውን ነኝ ማለት ነው። እኔና እናንተ ብንሆን፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ቢያንስ የሚቀጥለውን እራት በልተን ነበር የምንናገረው።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አባ እብሬ ሥራ ሳይዙ ተሰደዱ አልን፤ ጎረቤቱም ያለው ይህንኑ ነው። ተሳስተናል። ባሕር ማዶ የሚጠብቃቸው ሥራ ከብዙ ዓመት በፊት ተይዞላቸው ነበር፤ የያዘላቸውም የአንድ የቲም ልጅ አውራ ጣት ነው።