ቡቃያ ላይ ማረሻ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ የነፍስ አባቷ። ሴትዮዋ፣ «ሐኪሟ የልጄን ትኩሳት ኢንፍሉዌንዛ ነው ብላ መድኃኒት ሰጠችኝ። ያስመልሳል ሲሉ ሰማሁና ፈራሁ። የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ ያለ መድኃኒት ተነሣ። ልስጠው ወይስ ልተወው፣ አባ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። እሳቸውም መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

ሰውየው ገበሬ ነው። መሬቱ ወልካ፣ ጥቁር አፈር፣ ያውም ረባዳ ቦታ የተኛች። ወልካን ታውቂያት እንደሆነ ውሃ ከያዘች አትለቅም። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው ስንዴ ሲዘራ ማሳውን በማረሻ ሰንጥቆ የውሃ መውረጃ ያወጣለታል፤ ፈሰስ ይሉታል። ይህ ሰው ግን ዘሩን በዘራ ማግስት አማቱ ሞቱበትና ለቅሶ ሰንብቶ ሲመለስ፣ ፈሰሱ ሳይወጣ ስንዴው በቅሏል። እንዴት ያለ አንጀት የሚያርስ ቡቃያ መሰለሽ! የሦስት ልጆቹ የዓመት ቀለብ እሱ ነው፤ ሌላ የለውም።

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ሰማዩ ጠቆረ። ሚስቱ ደጅ ቆማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሰማዩን አላየኸውም? በሬዎቹን ጥመድና ፈሰሱን አውጣ እንጂ!» አለችው።

«ቡቃያ ላይ ማረሻ ልንዳ? እጄን ይቁረጠው!» አላት። አልዋሸም፤ ማረሻው ያለፈበት ቡቃያ ሁሉ ተነቅሎ ይቀራል።

ዝናቡ ወረደ። ውሃው ከማሳው ጥግ ተኛ። ሰውየውስ ምን አደረገ? ምክር ፍለጋ ወጣ! ከላይ ያለው ጎረቤቱ፣ «እኔ ፈሰስ አላወጣሁም፤ ይኸው ምንም አልሆንኩ» አለው። የጎረቤቱ መሬት ተዳፋት ነው፣ ውሃው በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ይህን ግን ሁለቱም ልብ አላሉትም። ከታች ያለው ደግሞ፣ «እኔስ አውጥቻለሁ፤ ብዙ ስንዴ ነቀለብኝ እንጂ» አለው። ሰውየው ከዚህ ሁሉ ይዞ የተመለሰው መነቀሉን ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀን ሚስቱ ቀንበሩን ራሷ ተሸክማ ደጅ አወጣችለት። እሱ መልሶ አስገባው። «ስሚ አንቺ፣ በእጄ ከማጠፋው ዝናቡ ያጥፋው። የዝናቡ ለእግዜር ነው፤ የእጄ ግን የራሴ ኃጢአት ነው» አላት። ወይ ሞኝነት! ሰውየው የጠፋው እዚህ ላይ ነው።

በሦስተኛው ቀን ውሃው ቁርጭምጭሚት ደረሰ። ነገ ያባራል አለ። በአራተኛውም ነገ ያባራል አለ። በአምስተኛው ቀን የቡቃያው ጫፍ ቢጫ ሆነ። ያን ጊዜ ብድግ ብሎ በሬዎቹን ጠመደ። በሬዎቹ ገቡና እስከ ጉልበታቸው ሰመጡ። ቢመታቸው፣ ቢለምናቸው፣ አንዱ በሬ ጭቃው ላይ ተኛና አልነሳም አለ። ሰውየው ተንበርክኮ ጭቃውን በእጁ ይቧጥጥ ጀመር፤ የቧጠጠው ተመልሶ ይሞላበታል። አለቀሰ። ልጆቹ ከአጥር ላይ ሆነው ያዩታል።

ስንዴው በሰበሰ። የታችኛው ጎረቤት ግማሽ ምርት አገኘ፤ ግማሽ፣ ከዚያ አይበልጥም። ይህ ሰው ግን ገለባ እንኳ አላገኘም። በኅዳር አገሩ ሁሉ ሲያጭድ እሱ ልጆቹን ለየዘመዱ አከፋፈለ። ሰው፣ «አይዞህ፣ ዝናቡ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» ይለዋል። እሱም፣ «አዎ፣ ዝናቡ ነው» ይላል። ሚስቱ ብቻ አንድ ቀንም ዝናቡ ነው ብላው አታውቅም። አልሰደበችው፣ አልወቀሰችው። እሱን የገደለው ይኼ ነው። ፈሰሱን ቢያወጣው ኖሮ ስንዴው ይተርፍ ነበር? ማንም አያውቅም። እሱም ሳያውቀው ይሞታል።

አባ መቋሚያቸውን አነሱና ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ማሳው ልጅሽ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ያለ መድኃኒት ተነሣ አልሽኝ፤ እሰይ፣ የሱ መሬት ተዳፋት ነው። ያንቺው ግን ከሕፃንነቱ አስም ያፈነው ልጅ ነው። ሐኪሟም ይህን አይታ ሰጠችሽ፣ ትኩሳቱ ከያዘው በሁለት ቀን ውስጥ ጀምሪለት አለችሽ። ያስመልሰው ይሆናል፤ ማረሻ ነውና የሚነቅለው አይጠፋም። ያድነዋል ብዬም አልምልልሽም። ግን ባልሰጠው እጄ ንጹሕ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። መተውም በእጅ የሚሠራ ሥራ ነው። ለመሆኑ ትኩሳቱ ስንተኛ ቀኑ ነው?»

ሴትዮዋ መድኃኒቱን ከነማሸጊያው ከጉያዋ አወጣች። «ማክሰኞ ጠዋት ነው የጀመረው፣ አባ። መድኃኒቱንም ያን ዕለት ነው የሰጠችኝ። እህቴን ጠየቅሁ፤ ጎረቤቶቼን ጠየቅሁ። ዛሬ እርስዎ...» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

«ሦስተኛው» አሉ አባ። ድምፃቸው ወረደ። «ሰውየው በሦስተኛው ቀን ቢገባ በሬዎቹ ይወጡት ነበር? እንጃ ልጄ፣ እኔ አላውቅም። ልጁን ታቀፊና ወደ ሐኪሟ ሩጪ። እኔም ምሳሌ ከማውራቴ በፊት ቀኑን መጠየቅ ነበረብኝ። ይኸው ቁጭ አድርጌ አስረፈድኩብሽ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ተነሺ!»