ዙሩ ሳይዘጋ

አንድ ንጉሥ ትልቅ ነገር ይወድ ነበር። ዙፋኑ ትልቅ፣ ነጋሪቱ ትልቅ፣ በቅሎው እንኳ ከባለሟሎቹ በቅሎዎች ሁሉ የምትበልጥ ነበረች። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ መናገር ይቀል ነበር፤ ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ ጭነን በተገላገልን ነበር።

በግዛቱ ውስጥ ሴቶቿ በስፌት የታወቁ አንዲት መንደር ነበረች። ስንደዶ በአክርማ እየጠቀለሉ፣ በወስፌ እየወጉ፣ ዙር በዙር ላይ እየደረቡ የሚሰፉት ስፌት ውሃ አያሳልፍም ይባል ነበር። መንደሪቱ አንድ የቆየ ሕግ ነበራት። የተጀመረ ዙር ሳይዘጋ አይነሱም። ዙሩ ዞሮ መነሻው ላይ እስኪደርስ አንገት አይቀናም፣ ጉልበት አይዘረጋም። ዙር አቋርጣ የተነሳች ሴት ስፌቷ ይላላል፣ ትዳሯም አብሮ ይላላል ይሉ ነበር። ይህን ሕግ ያወጡት የጥንት ሴቶች ሙዳይ ይሰፉ ነበር፤ የሙዳይ ዙር ደግሞ ወጥ ሳይፈላ ይዘጋል። ስለዚህ ሕጉ ያን ጊዜ ማንንም አልጎዳም።

ኋላ ግን ስፌቱ እያደገ ሄደ። ሙዳዩ ሰፌድ ሆነ፣ ሰፌዱ ሌማት ሆነ፣ ሌማቱ መሶብ ሆነ። ንጉሡ በበኩሉ በየዓመቱ ከአምናው የበለጠ መሶብ ያዝዝ ነበር። የትልቅ መሶብ ዙር ጠዋት ተጀምሮ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የሚዘጋው። ሴቶቹ በመካከል እንዳይነሱ ብለው ጠዋት ውሃ አይቀምሱም ነበር። እስቲ አስቡት፣ በዚያ በበጋ ሐሩር! ጣታቸው በወስፌ ተበሳስቶ፣ ወገባቸው ደርቆ፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ፣ አንዳንዶቹ ወደ ቤታቸው የሚገቡት እየዳሁ ነበር። ምን ሆናችሁ ሲባሉ «ዝም አይነቅዝም» ብለው ያልፉታል። እውነት ነው፣ ዝም አይነቅዝም፤ ዝም ያለው ሰው ግን ይነቅዛል።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው የመንደሩ ሰው የሴቶቹን ማቀርቀር እንደ ውበት ማየቱ ነው። ሽማግሌ ለልጁ ሚስት ሲመርጥ አንገቷን ደፍታ የምትሄደውን ያይና «ይቺ የጨዋ ልጅ ናት፣ ቀና ብላ ሰው አታይም» ይላል። እኔ ይህን መጀመሪያ ስሰማ ታሪኩን የነገረኝ ሰው የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም።

ንጉሡ ልጁን ሊድር ሲያስብ እስከዚያ ካዘዘው ሁሉ የሚበልጥ መሶብ አዘዘ። ሠርገኛው በሙሉ ዙሪያውን ተቀምጦ የሚበላበት መሶብ ነበር የፈለገው። የሰፊዎቹ አለቃ የሻረግ የምትባል ሴት ነበረች። አንዲት ንጋቷ የምትባል ልጅ አለቻት፤ ልጅቱ ለአቅመ ሔዋን ከመድረሷ በፊት ጀምራ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ስትሰፋ ያደገች ናት። እናትና ልጅ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ሆነው መሶቡን ከክረምት እስከ ክረምት ሰፉት። ሲያልቅ በወሳንሳ ተጭኖ ቤተ መንግሥት ገባ። ንጉሡ ዞሮ ዞሮ አየው፤ ባለቀለሙን አለላ በጣቱ ዳበሰው፤ እጁን በአፉ ጫነ።

«ይህን የሰፉትን ሴቶች ጥሩልኝ» አለ።

ሴቶቹ ነጫጭ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። በአደባባዩ ተሰልፈው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። መኳንንቱ «ወይ ጨዋነት!» እያሉ ተደነቁ። ንጉሡም ደስ ብሎት ተናገረ።

«የሻረግ፣ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። የከርሞው መሶብ ከዚህም የሚበልጥ ይሁን። ልጅሽ ንጋቷ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የቤተ መንግሥት ሰፊ ሆናለች፤ ዕድሜ ልኳን ከዚህ ሥራ አትነሳም።»

እልልታው ቀለጠ። ንጉሡ የወርቅ ሐብል አስመጣና ከዙፋኑ ወርዶ ቀረባት።

«ቀና በይ፣ በእጄ ላጥልቅልሽ።»

ቀና አላለችም።

«ፈቅጄልሻለሁ እኮ፣ ቀና በይ» አለ እየሳቀ።

አሁንም ቀና አላለችም። በዚህ ጊዜ አጋፋሪው ተቆጣ። «ንጉሥ ሁለቴ ተናግሮ ያውቃል እንዴ! ቀና በይ!» ብሎ አገጯን በመዳፉ ይዞ ወደ ላይ ገፋ።

የሻረግ ጮኸች። ጩኸቱ የሰው ጩኸት አይመስልም ነበር። አጋፋሪው እሳት እንደ ነካው ሰው እጁን ሰበሰበ። እልልታው ቀጥ አለ።

«ጃንሆይ፣ ይማሩኝ» አለች እያለቀሰች። «አልታዘዝም ብዬ አይደለም። አንገቴ እንቢ ብሎኝ ነው።»

ንጉሡ ወጌሻ አስጠራ። ወጌሻው ማጅራቷን ዳበሰ፣ ትከሻዋን ዳበሰ፣ ጀርባዋን ቁልቁል በጣቱ ተከተለ። ማንም ሳያዘው ወደ ሁለተኛዋ ሴት ሄደና «ቀና በይ» አላት። አልቻለችም። ወደ ሦስተኛዋ ሄደ። እሷም አልቻለችም። በሰልፉ ሙሉ «ቀና በይ፣ ቀና በይ» እያለ ሲሄድ ድምፁ እያነሰ፣ እያነሰ መጣ። መኳንንቱ ክው ብለው ቀሩ። ጨዋነት እያሉ ሲያደንቁት የነበረው ነገር ጉዳት ነበር፤ ያውም በገዛ አደባባያቸው፣ በገዛ ዓይናቸው ፊት።

ወጌሻው መጨረሻ ላይ ንጋቷ ዘንድ ደረሰ። ንጋቷ ቀና ለማለት ሞከረች፤ እኩሌታው ላይ ስትደርስ ፊቷ ተጨማደደ፣ እንባዋ ወረደ፣ እዚያው ቆመች።

«ጃንሆይ» አለ ወጌሻው፣ «ስብራት ቢሆን እጠግነው ነበር። ወለምታ ቢሆን አሽቼ እመልሰው ነበር። ይህ ግን አልተሰበረም። ቀስ እያለ፣ ማንም ሳያየው እንዲህ ሆኖ ረግቷል። የእናቶቹን የምመልስበት ጥበብ የለኝም። ይቺ ልጅ ግን ገና ናት። ዛሬ ከተነሳች ትድናለች። የከርሞውን መሶብ ከሰፋች ግን እንደ እናቷ ትቀራለች።»

ሁሉም ንጉሡን አየ። ሐብሉ በእጁ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ።

«ማን ጠየቀን፣ ጃንሆይ?» አለች የሻረግ። «ደግሞ እኛም ጨዋነት መስሎን ነበር። የተጀመረ ዙር ሳይዘጋ አይነሱም የሚለው ሕጋችን የጥንት ሴቶች ሙዳይ ሲሰፉ ያወጡት ነው።»

ንጉሡ ሐብሉን ለአጋፋሪው ሰጠ። «መሶቡን በየዓመቱ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ሕጋችሁ ግን የሙዳይ ሕግ እንደሆነ ቀረ» አለ። «የሻረግ፣ ወርቁ ይቅር። ምን ላድርግልሽ?»

«ልጄን ቆማ ልያት።»

«እንዴት?»

«ከእኔ ቁመት ካለፈች ወዲህ ስትቆም የማየው እግሯን ነው፣ ጃንሆይ። የተረከዟን ንቃቃት ሁሉ አውቀዋለሁ። ቆማ ምን እንደምትመስል ግን አላውቅም። ተንጋልዬ ልያት።»

በንጉሥ ፊት ተንጋሎ መተኛት! አጋፋሪው ሊከለክል አፉን ሲከፍት ንጉሡ በዓይኑ ዝም አሰኘው። ሴቶቹ የሻረግን ደግፈው መሬት ላይ አስተኟት። ጀርባዋ መሬት ሲነካ ጭንቅላቷ ግን አልነካም፤ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ንጉሡ ካባውን አወለቀ፣ አጥፎ ከጭንቅላቷ ሥር አደረገው። ንጋቷ ከእናቷ እግር ዘንድ ቆመችና የቻለችውን ያህል ቀና አለች።

የሻረግ ለረጅም ጊዜ ልጇን አየች። ሰው ሁሉ ትስቃለች፣ ትመርቃለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ደረቷን መታች።

«ወይኔ ልጄን! ጎብጠሻል!» አለች። «አንቺም ጎብጠሻል! ቀና ባልሽ ቁጥር ማጅራትሽን በመዳፌ ስጫን የኖርኩት እኔ ነኝ። በዚህ በገዛ እጄ! እናቴም እንዲሁ ነበር የምታደርገኝ።»

«እማዬ፣ ተይ…» አለች ንጋቷ፣ ልትንበረከክላት ጎንበስ እያለች።

«አትንበርከኪ! ስሚኝ፣ ንጋቷ። ከእንግዲህ ሲያምሽ ዙሩ ሳይዘጋም ቢሆን ተነሺ። ስፌትሽ ይላላ። ትዳርሽም የሚላላ ከሆነ ይላላ። ቀና በይ፣ ልጄ! ቀና በይ!»

በአደባባዩ ላይ እንባውን ያልጠረገ አልነበረም። ንጉሡ የከርሞውን መሶብ ተወው፤ ንጋቷንም ከገባችበት የዕድሜ ልክ ሹመት ሻራት፤ ሰው ከሹመት ሲሻር እልል የተባለበት ቀን ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ለየሻረግና ለጓደኞቿ ግን የመጣላቸው ነገር የለም። እስኪሞቱ ድረስ ምድርን እያዩ ኖሩ።

ወዳጆቼ፣ ጉዳት ሲዘገይ ልማድ ይሆናል፤ ልማድ ሲቆይ ደግሞ ምስጋና ይለብሳል። ሰው የሚታመምበትን ነገር «ትጋት»፣ «ጨዋነት»፣ «የእናቶቻችን ሥርዓት» ብለን ከሰየምነው በኋላ፣ የታመመው ሰው ራሱ መታመሙን አያውቀውም፤ ቢያውቅም አይናገረውም። በእጅ የተሠራ ነገር ስናደንቅ እጁን ብቻ ሳይሆን የሠራችውን ሴት ወገቧን፣ ጉልበቷን፣ ዓይኗን እንጠይቅ። የምንጠይቀውም ሐብል ይዘን ሳይሆን በጊዜው፣ ገና መነሳት ስትችል ነው።

በየቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስፌት አለ፤ ጥግ ላይ የተቀመጠ እንስራ አለ፤ ሣጥን ውስጥ የታጠፈ ፈትል አለ። የሠራችውን ሴት «ያምሻል ወይ?» ብሎ ከእናንተ መካከል የጠየቃት ማን ነው?